በርሜል ውስጥ የገባው ጠበል

ያን ዓመት ሁዳዴ እኩሌታው ላይ የኮሎራዶዋ ኦሮራ በበረዶ ተቀበረች። ፒዮሪያ ስትሪት ዳር ፓርክ የተደረጉት መኪኖች ሁሉ ነጭ ጉብታ ሆነው፣ ሰው የራሱ መስሎት የጎረቤቱን ሲጠርግ ይውል ነበር። ጸጥታው ጆሮ ይወጋል። አየሩ ከመድረቁ የተነሣ አፍንጫ ይደማል፤ የበር እጀታ ሲነኩ ኤሌክትሪኩ ይቆነጥጣል። ግን ደግ ጊዜ ነበር። ሥራ ስለቀረ ሁላችንም እቤታችን ተገኘን፤ እታች ፎቅ የሚኖሩትን ውድነህንና ሚስቱን የምሥራችን በደንብ ያወቅኋቸውም ያኔ ነው።

ውድነህ ሥራህ ምንድን ነው ሲባል "ጽዳት" ይላል። አልዋሸም። ከዴንቨር ወጣ ብሎ በተራራው በኩል፣ ድሮ የአቶሚክ ቦምብ ሆድ ዕቃ የሚሠራበት የተዘጋ ሕንፃ አለ፤ እሱን ነው የሚያጸዳው። ፈረንጆቹ መርዛቸውን ሠሩበት፣ ሲበቃቸው ቆልፈውት ሄዱ፣ ኋላ "ይጽዳ" ሲባል መጥረጊያው ለደሴ ልጅ ደረሰው። ዕድል እኮ ነው!

ጓንት በጓንት ላይ ደርቦ፣ ጭንብል አጥልቆ፣ የተበከለውን ብረትና ጨርቅ እየቆራረጠ በርሜል ውስጥ ያሽጋል። በርሜሉ ኒው ሜክሲኮ ተወስዶ፣ ከመሬት በታች ጨው ውስጥ በክብር ይቀበራል። የኛ ዕድር እንዲህ ያለ ቀብር አይቶ አያውቅም።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ የምሥራች ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጽንስ ጨንግፎባታል። ሐኪሙ እስክትወልጂ ከአልጋ አትነሺ ብሏታል። ሐኪሙን የሚያመጣው የውድነህ ሥራ ኢንሹራንስ ነው፤ ሥራው ከሄደ ሐኪሙም ሄደ።

ተኝታ የምታስበው ደግሞ መርዙን ነው። ስለዚህ በዐይን ጠብታ ጠርሙስ ጠበል ሞላችና "ይህን ሳትይዝ ብትገባ፣ ማርያምን፣ ተቀይሜሃለሁ" አለችው። እስከ በረዶው ድረስ ካልሲው ውስጥ ከቶ እየገባ፣ ከቶ እየወጣ ከረመ።

በረዶው ቀልጦ ሥራ ሲጀመር ክፉ የተባለው ክፍል ደረሰው። ያን ቀን ጠርሙሷን ላይኛው ጓንት ውስጥ ሸጎጣት፤ ማንም ሳያይ አራቱን ማዕዘን ረጨ። ረጭቶ ሲያበቃ ነው ችግሩ የታየው። እዚያ ክፍል የተከፈተ ነገር ተመልሶ አይወጣም። ሌላ ሰው ቢሆን የተረፈውን ወለሉ ላይ ጠብ አድርጎ ይገላገል ነበር። የኛ ሰው ግን ጠበል እግር በሚረግጠው ይደፋል? ክዳኑን አጠበቀ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለላት፣ በርሜሉ ውስጥ እንደ ሕፃን አስተኛት፣ አማትቦ አሸገው።

ለካስ በርሜል ከመሸኘቱ በፊት ራጅ ይነሣል። እንደኛዋ ነፍሰ ጡር ሰው ቢሆን ኢንሹራንስ ይጠየቅ ነበር። ፈሳሽ ያለበት በርሜል ደግሞ ክልክል ነው። በራጁ ላይ አንዲት ጉንጭ ውሃ ስትወዛወዝ ታየች። ሥራ ቆመ፤ ቦምብ ሲሠራበት ለኖረ ቤት፣ አስደንጋጩ ነገር ጠበል ሆነ። አለቃው "ያደረገው ሰው ነገ ካልተናገረ፣ የዚያ ሺፍት ሰዎች በሙሉ ይሰናበታሉ" አለ።

ውድነህ ፊቱ አመድ መስሎ እኔ ዘንድ ወጣ።

"እትዬ ወይንሸት፣ ብናገር እኔ ተባረርኩ። ዝም ብል ሁላችንም ተባረርን።"

"ለሚስትህ ነገርካት?"

"እንዴት ብዬ! ሰምታ ከአልጋዋ ልትነሣ?"

"እና ጠበል ይዘህ ገብተህ ውሸት ይዘህ ልትወጣ ነው? ሂድና ንገረው!"

በነጋታው ሄደ። የተባባሉትን ራሱ ነው የነገረኝ።

"ፈሳሹ ምንድን ነው?"

"ሆሊ ዋተር።"

"ኬሚካሉን ነው የጠየቅሁህ።"

"ውሃ።"

"ሌላስ ምን አለበት?"

"ጸሎት።"

አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

በርሜሉን ያሸገው ሰው ይክፈተው ተብሎ ራሱ ከፈተው። ጠርሙሷ ላቦራቶሪ ገባች። ስንት ዶክተር፣ ስንት ማሽን ተሰልፎ መረመራትና "ውሃ ነው" ተባለ። የተማረ ይግደለኝ! ከዚያም ጠበሉን በሲሚንቶ አቡክተው አደረቁትና ወደ ጨው መቃብሩ ሸኙት።

ውድነህን፣ በገዛ አፉ ስለተናገረ፣ አላባረሩትም። ከሕንፃው አስወጥተው በሩ ላይ አቆሙት፤ የሚገባው ሰው ፈሳሽ ይዞ እንዳይገባ ይፈትሻል። በዚህች ከተማ ከሱ የተሻለ ለዚያ ሥራ የሚሆን ሰው ከየት ይመጣል? ኢንሹራንሱ ሳይቋረጥ ልጃቸው ሩቲ በሐምሌ ሙሉ ጤነኛ ሆና ተወለደች። የምሥራች ኋላ ሁሉን ስትሰማ አልደነገጠችም። "ታዲያ ውድነህን ከዚያ መርዝ ያወጣው ጠበሉ አይደል?" አለች።

ሕንፃው ፈርሶ ሣር በቅሎበታል ይላሉ። ማን ሄዶ ያያል? እነሱም ከፒዮሪያ ለቀቁ፤ ደረጃው ላይ የውድነህን ኮቴ ስጠብቅ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ውድነህን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ባለፈው ጥምቀት ነው። ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተው ይኖራሉ። ኤርፖርት፣ ፈሳሽ መፈተሹን ለሌላ ሰው ትቶ፣ የመንገደኛ አውቶቡስ ይነዳል።