የተስፋነሽ ካርድ

ተስፋነሽ ካላት ዕቃ ሁሉ አብልጣ የምትጠነቀቅለት አንድ ካርድ ነበር። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ስትወጋ የተሰጣት ካርድ ነው። አምስት መስመር አለው፤ በአምስቱም ላይ ቀን ተጽፎበታል። በላስቲክ ጠቅልላ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ማንበብ ብዙም አትችልም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ትቆጥራቸዋለች።

እንዲህ የምትሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆሳዕና አጠገብ ገጠር ውስጥ ስታድግ እናቷ ሁለት አራስ ልጆች አከታትላ ቀብራለች። የመጀመሪያው በሰባት ቀኑ ጡት መያዝ አቃተው፤ አፉ ገጠመ፤ ሰውነቱ ደርቆ እንደ እንጨት ሆነ። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ኋላ መርፌ የሚወጉ ሰዎች ትምህርት ቤት መጥተው፣ ሴት ልጅ ይህን አምስት ጊዜ ከተወጋች የምትወልደው ልጅ በዚህ በሽታ አይሞትም አሉ። ሌሎቹ ልጃገረዶች በመስኮት እየዘለሉ ሲሮጡ ተስፋነሽ እጅጌዋን ሰብስባ ተራዋን ጠበቀች። ሰበታ መጥታ ክር ፋብሪካ ከገባች በኋላም የቀረውን ጨረሰች። አምስተኛውን የተወጋች ቀን ለማንም አልተናገረችም እንጂ ደስታዋ የሠርግ ያህል ነበር።

የምትኖረው ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በአከራይዋ በአዴ ሎሚ ግቢ ነው። ባሏ ካሣዬ ግንበኛ ነው፤ በዚያ ዓመት ሥራው ሱሉልታ ስለነበር በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል። ተስፋነሽ ዝምተኛ ናት። አማርኛው አፏ ላይ ስለሚከብዳት ሰው በተሰበሰበበት አትናገርም፤ ፋብሪካ ውስጥ እንኳ የሚያውቋት በሥራዋ እንጂ በድምጿ አይደለም።

ስምንት ወር እርጉዝ ሳለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የወይንሐረግ የግቢውን ሴቶች ሰብስባ አስተማረች። እንገሩን አትድፉት፣ የልጁ የመጀመሪያ ክትባት እሱ ነው አለች። እናት ስትከተብ ሰውነቷ በሽታ የሚመክት ነገር ይሠራል፣ ያም በማኅፀን፣ ኋላም በጡት ወደ ልጁ ይተላለፋል አለች። ተስፋነሽ ከኋላ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል ያዘች። አንድ ጥያቄ መጣባት። እንዲህ ከሆነማ አምስቱንም የጨረሰች እናት ልጇን ደግሞ ለብቻው ማስከተብ አለባት ወይ? ጥያቄውን በልቧ ሦስት ጊዜ አስተካከለችው። እጇን ልታነሣ ስትል አንዷ ሌላ ነገር ጠየቀች፤ ሴቶቹ ሳቁ። ተስፋነሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ መለሰችው። መልሱንም ራሷ ለራሷ ሰጠች።

ጌዲ ጥቅምት ሁለት ሺህ ስምንት ተወለደ። እንገሩን አንድ ጠብታ ሳይፈስ አጠባችው። አርባ አምስት ቀኑ ሲደርስ ጤና ጣቢያ ይዛው እንድትሄድ ተጽፎላት ነበርና አዝላው ወጣች። ግን ያ ሰሞን የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ አገሩን ያናወጠበት ነው። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። በውስጥ ለውስጥ ሄዳ ጤና ጣቢያው በር ስትደርስ ዘበኛው ሠራተኛ እንዳልገባ ነግሮ ሌላ ቀን እንድትመጣ መለሳት። ሌላ እናት ብትሆን ትጨነቅ ነበር። ተስፋነሽ ግን አልተጨነቀችም። ቤቷ ገብታ ካርዷን አውጥታ አየች፤ ከዚያ ጡቷን ሰጠችው።

መንገዱ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል። ክትባት የሚሰጠው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነው፤ እሷ ደግሞ ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ የጠዋት ፈረቃ ላይ ተመድባለች። አለቃዋን ፈቃድ መጠየቅ አፈረች። አዴ ሎሚ ልጁን አላስከተብሽም ወይ ብለው ሲጠይቋት ካርዷን አምጥታ አሳየቻቸው። አዴ ሎሚ ማንበብ አይችሉም። አምስት መስመር የሞላ ጽሑፍ አዩና ጎበዝ ልጅ ብለው መረቋት።

በገና ማግስት የጎረቤቷ የእናትነሽ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ ሶፊ፣ ሳል ጀመራት። መጀመሪያ ጉንፋን መሰለ። ኋላ ሳሉ ትንፋሽ እያሳጣት መሬት ስትይዝ ትክትክ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። አዴ ሎሚ ሕፃኑን ከዚያች ልጅ አርቂ አሉ። ተስፋነሽ እሺ አለች፤ ግን በልቧ አልፈራችም። ሶፊ መጥታ ጌዲን እግሩን ስትስመው እንኳ አልከለከለቻትም። የኔ ልጅ የሚጠባው የተከተበ ጡት ነው ብላ ታስባለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጌዲም ማሳል ጀመረ።

ሦስት ወሩን ገና መሙላቱ ነው። ሲስል እንደ ትልቅ ልጅ አይጮኽም። ይስላል፣ ይስላል፣ ትንፋሹ ያልቅበታል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ከዚያ የጠባውን ሁሉ ያወጣዋል። ተስፋነሽ አፉን ጠርጋ እንደገና ታጠባዋለች። ካሣዬ ከሱሉልታ ደወለ። መንገድ ተዘግቶ ሦስት ቀን ከካምፕ እንዳልወጡ ነገራት። ጡት ብቻ እንዳይለየው አደራ ብሎ ዘጋው።

አዴ ሎሚ ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። ለትክትክ የሚያውቁት አንድ መድኃኒት ነው፤ የአህያ ወተት። ተፍኪ መንገድ ላይ ካለ ዘመዳቸው ዘንድ በእግራቸው ሄደው፣ የወለደች አህያ አሳልበው፣ በትንሽ ስኒ አመጡላት።

«ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በማንኪያ ስጪው» አሏት።

ተስፋነሽ ስኒውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ከጡት ሌላ ውኃ እንኳ እስከ ስድስት ወር እንዳይሰጥ ተምራለች። እኚህን ትልቅ ሴት ደግሞ እንቢ አልልም ብላ አሰበች። አዴ ሎሚ ወጣ እስኪሉ ጠብቃ ስኒውን ራሷ ጠጣችው። በጡቴ ይደርሰዋል አለች። ሲመለሱ ባዶውን ስኒ ሰጠቻቸው፤ አዴ ሎሚም ወደ ላይ አይተው አመሰገኑ።

በማግስቱ ጠዋት ጌዲ ስሎ ስሎ ትንፋሹ ቆመ። ከአንድ እስከ አምስት እስክትቆጥር ድረስ ቆመ። ጀርባውን ስትመታው ተመለሰ። አዴ ሎሚ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፤ ባጃጅ የለም፣ በእግር ወጡ። አስፋልቱ ላይ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረው ቆመዋል። አዴ ሎሚ በኦሮምኛ ሕፃን ታሞብናል ሲሏቸው ወጣቶቹ ፊታቸውን ዞር አድርገው አሳለፏቸው።

ጤና ጣቢያው ያን ቀን ክፍት ነበር። ነርሱ ተረፈ ልጁን አየው፣ ደረቱን አዳመጠ፣ የሚጠጣ መድኃኒት በጠብታ ሰጠው። ከዚያ እዚህ ኦክስጅን ስለሌለ አዲስ አበባ ሆስፒታል መግባት አለበት ብሎ ወረቀት ጻፈ። አምቡላንሱ በር ላይ ቆሟል። ሹፌሩ አብዶ ግን ዓለም ገና ከተማ ላይ መንገዱ ተዘግቷል፣ እስኪከፈት ጠብቁ አለ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

የወይንሐረግ ያገኘቻቸው እዚያ ነው። የልጁን ካርድ ጠየቀች። ተስፋነሽ ከጡቷ ሥር ላስቲኩን አውጥታ የራሷን ካርድ ሰጠቻት።

«ይሄ ያንቺ ነው። የልጁስ?»

አዴ ሎሚ ካርዱን አዩ፣ ተስፋነሽን አዩ።

«የሱ ባዶ ነው» አለች ተስፋነሽ። «እኔ ከተወጋሁ በጡት ይደርሰዋል ብዬ ነው።»

የወይንሐረግ አጠገቧ ተቀመጠች። ለመቆጣት አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው።

«ይደርሰዋል እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ግን አንቺ የተከተብሽው ለመንጋጋ ቆልፍ ነው። ለትክትክ አይደለም። ሰውነትሽ ያልተማረውን ወተትሽ ለልጁ አያስተምረውም። የተማረውም ቢሆን ያግዘዋል እንጂ የራሱን መርፌ አይተካለትም።»

ተስፋነሽ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ የድሮው መርፌ ምልክት የለም፤ እሷ ግን ቦታውን ታውቀዋለች።

«እንግዲያውስ አሁን ለኔ የትክትኩን ውጉኝ። እስከ ማታ ድረስ ሳላቋርጥ አጠባዋለሁ።»

የወይንሐረግ መሬት መሬት እያየች ለትልልቅ ሰው የሚሆን እዚህ እንደሌለ፣ ቢኖርም ከታመመ በኋላ እንደማይደርስለት ነገረቻት። ለልጁም አሁን ቢወጉት ለዚህኛው ሳል እንደማይሆነው ነገረቻት።

«ያኔ ሳስተምር ለምን አልጠየቅሽኝም፣ ተስፋዬ?»

«ሰው ነበረ» አለች ተስፋነሽ።

የወይንሐረግ በየግቢው እየዞረች ያንን ትምህርት ስንት ሴት እንዳስተማረች፣ ከነሱም ስንቷ ዝም ብላ ከኋላ እንደተቀመጠች ታስብ ይሆናል፤ ካርዱን በእጇ ይዛ ቀረች እንጂ አልመለሰችላትም።

ጌዲ እንደገና ሳለ። ጠቆረ። አዴ ሎሚ ፊታቸውን አዞሩ። ተስፋነሽ በክንዷ ላይ አጋድማ ጀርባውን መታችው፤ ትንፋሹ መጣ፤ የጠባውንም አብሮ አወጣው። ነርሱ ተረፈ በበሩ ብቅ ብሎ፣ ባስመለሰ ቁጥር መልሰሽ አጥቢው፣ ካሁን ወዲያ አቅም የሚሆነው እሱ ነው አላት። ጡቷ ያው ጡቷ ነው፤ ሞልቷል፣ በቀሚሷ ላይ ይፈስሳል። ወተት አላጣችም። ያጣችው በወተቱ ይደርሰዋል ያለችውን ነው።

አብዶ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ መጣ። ተስፋነሽ ቀና ብላ አየችው።

«ተከፈተ?»

«ገና ነው እህቴ።»

የልጇን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ ወደ ሌላው ጡቷም አዞረችው። ልጁ ያዘ። መንገዱ ይከፈት እንደሆነ የምታውቀው ነገር የለም፤ በሚጠባ ቁጥር ግን ትንፋሹን ትሰማለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እሱን ትቆጥራለች።