ያልተቀበልኩት ስንኝ

አባቴ ግጥም ሰጪ ነበሩ። በትውልድ አገሬ በደሃና ሰርግ ተደግሶ ማሲንቆ ከተሰማ፣ ሰው ዞር ዞር ብሎ የሚፈልገው እሳቸውን ነው። ጠላቸውን አስቀምጠው «ተቀበል!» ይላሉ። አንድ ስንኝ ይሰጡና እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው ይጠብቃሉ። አዝማሪው በዜማ ሲመልስላቸው ነው ሁለተኛውን የሚሰጡት። ነገሩ ሁሉ ያለው ደግሞ ሁለተኛው ላይ ነው። ምርቃት ይሁን ሽሙጥ፣ ሁለተኛው ሳይመጣ ማንም አያውቅም። የተሰጠን ግጥም አለመቀበል በእኛ አገር ነውር ነው፤ ሰውዬውን በሰው ፊት እንደመስደብ ይቆጠራል።

እኔን ሰቆጣ የላኩኝ ተምሬ አስተማሪ እንድሆን ነበር። ራፐር ሆንኩላቸው! ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው ይሄ። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ጀመርኩ፤ ከዚያ የፀረ ኤድስ ክበብ ገብቼ ድራማ ጻፍኩ፣ ተወንኩ፣ በትርፍ ጊዜዬ የሱቅ ማስታወቂያ ሣልኩ። ከአንድ የአውቶቡስ ሾፌር የተዋስኩትን የፈረንጅ ካሴት እስኪላላ ድረስ እየሰማሁ፣ ቋንቋውን ሳላውቀው ፍጥነቱን ለመድኩ። ኮፍያዬን ገልብጬ፣ ሱሪዬን አውርጄ፣ የከተማውን ሽማግሌ ሁሉ አሳቀቅሁ። ምን ይደረግ፣ ፈተናውንም ወደቅሁ።

አባቴ ወሬውን ሲሰሙ፣ «ምን ቢያሳድደው ነው እንዲህ እየሮጠ የሚያወራው?» አሉ አሉ። ከዚያ ወዲያ ዘጉኝ። አገር ቤት ስሄድ ሰላምታዬን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀበሉና በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ከእናቴ ጋር ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። እናቴ መሀል ሆና የእሳቸውን ለእኔ፣ የእኔን ለእሳቸው ታደርስ ነበር። ወጣት ነኝ፣ ያውም የታወቅሁ፣ እና «ይተዉት!» እል ነበር። ውሸቴን ነው። ከሜዳ ሙሉ ጭብጨባ የእሳቸውን አንድ ቃል እመርጥ ነበር።

ደሴ ወርጄ አንድ ዘፈን አስቀረጽኩ። በዚያው ዓመት በገበያ ቀን፣ ሰቆጣ ሜዳ ላይ ዝግጅት ተዘጋጀና እኔ ዋናው ሆንኩ። ጄኔሬተሩ ያስላል፣ ማይኩ ያፏጫል። የክበባችን ልጆች መላ ዘየዱ፦ ካሴቱ ይከፈታል፣ እኔ አፌን አንቀሳቅሳለሁ። ፕሌይባክ ይሉታል። በእጄ የያዝኩት ማይክ ገመዱ የትም አልተሰካም ነበር። ለጌጥ ነው።

ካሴቱ ተከፈተ። እኔም ወዲያ ወዲህ እያልኩ አፌን ከፈት ዘጋ አደርጋለሁ፤ ሕዝቡ ያብዳል። ከመጀመሪያው አዝማች በኋላ ሙዚቃው ትንሽ ጋብ ይላል። እዚያች ላይ ከፊት ለፊቴ፣ «ተቀበል!» የሚል ድምፅ መጣ።

አባቴ ነበሩ። ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ከሕዝቡ ፊት ወጥተው ቆመዋል።

«በሬ ጠፋኝ ብዬ ከተማ ብመጣ…»

አሉና እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አደረጉ።

ምን ላድርግ? ካሴቱ አይጠብቅም። ድምፄ ከስፒከሩ እንደ ጎርፍ ለቀቀው። ያንን የጌጥ ማይክ ጥዬ፣ በባዶ ጉሮሮዬ ተቀብያቸው ቢሆን ኖሮ! ግን አፌን ብዘጋ ድምፄ ብቻውን ሲዘፍን ሕዝቡ ጉድ ሊያይ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀጠልኩ። ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ የአባቴን ስንኝ በቴፕ ደፈጠጥኩት። አንዴ ደገሙት፤ ከንፈራቸውን አየሁ እንጂ አልሰማሁም። ከዚያ እጃቸውን አወረዱ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ሰው መንገድ እየከፈተላቸው ወጡ።

ከመድረክ ወርጄ መናኸሪያ ስደርስ ወደ ደሃና የሚመለሰው የአምደወርቅ መኪና ሄዷል።

በሳምንቱ አገር ቤት ገሰገስኩ። ካሴት እንደነበር፣ ማይኩ እንዳልተሰካ፣ መቀበል እንደማልችል አንድ በአንድ አስረዳሁ። አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት አናገሩኝ።

«ታዲያ አፍህን ለምን ታንቀሳቅሳለህ?»



«ሁለተኛውን ይንገሩኝ አባዬ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ረሳሁት» አሉና በሬዎቻቸውን ሊያጠጡ ወጡ።

እናቴ እስኪርቁ ጠብቃ፣ «እሳቸው ናቸው የሚረሱ? በሰርጋችን ቀን የተባለውን ሁሉ ዛሬም ይነግሩሃል» አለችኝ። «በሬም የሚባል አልጠፋ። አንተን ሊያዩ ነው የሄዱት። ሳምንቱን ሙሉ ስንኙን በኽምጣኛ ሲያጉረመርሙ ሰንብተው፣ ለከተማ ሰው ይሁን ብለው ወደ አማርኛ መለሱት።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱን ለእኔም አልነገሩኝ።»

ስንቱን ሌሊት ልጨርሰው ሞከርኩ! የተቀየሙኝ ሲመስለኝ «ቆዳው ከበሮ ላይ ጩኸት ይዞ ወጣ» ይሉኛል፤ የታረድኩ በሬ እሆናለሁ። ደስ ያለኝ ቀን ደግሞ «ድምፁን ብሰማ ነው ድካሜ የወጣ» ይሉኛል። ሁለቱም ቤት ይመታሉ። ሁለቱም የእኔ ናቸው እንጂ የእሳቸው አይደሉም።

ቆይቶ እህቴ ተዳረች። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ገብቼ፣ ቴአትር ጽፌ፣ የግጥም መጽሐፍ አሳትሜ፣ ጋዜጣም አንድ ሁለቴ አንስቶኝ ነበር። ዳሱ ውስጥ ማሲንቆው ሲጀምር አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል። ልቤ አልቻለም። ከሰው መሀል ተነስቼ፣ «አባዬ፣ ያችን ይስጡኝ! ዛሬ ካሴት የለም፣ እቀበላለሁ!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ አዩኝ፤ ፈገግ አሉ፣ እውነተኛ ፈገግታ።

«እኔማ ሰጥቼ ነበር ልጄ» አሉ። «ዛሬ አንተ ስጥ። እኔ እቀበላለሁ።»

እጃቸውንም ከጆሯቸው ጀርባ አደረጉ።

አዝማሪው ማሲንቆውን እያሻሸ ይጠብቀኛል። እኔ፣ ድንቄም ራፐር፣ ድንቄም ባለቅኔ፣ አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩትን ስሸመድድና ስለቅቀው ነው የኖርኩት፤ እዚያው ቆሞ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ አንዲት ስንኝ ከውስጤ አልወጣ አለች። አባቴ ጠበቁ። አዝማሪው ዜማውን መለሰ፣ መለሰና ወደ ሙሽሮቹ ዞረ። የአባቴ እጅ ግን ከዚያ በኋላም ትንሽ ቆየች።

በቀጣዩ ክረምት አረፉ። ለቅሶው ላይ የደረስኩት ተቀብረው ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ዛሬ ግጥሙ እንደ ጉድ ይመጣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ይመጣል፣ ጫማ ሳስር ይመጣል፣ አባቴን የሚያወድስ፣ ይቅርታ የሚለምን፣ የሚያስቃቸው፣ ሁሉም ቤት የሚመታ። ቀና ብዬ አያለሁ። እጁን ከጆሮው ጀርባ ያደረገ ሰው የለም።