የአባዬ ቀኝ

ልጅ እያለሁ የደቡብን መንገድ በሙሉ ከደጃፋችን ሳልነሳ ጨርሼዋለሁ። ኬንያ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር፣ ከቆርቆሮ ቤታችን ጥላ ሥር አባዬ ጀሪካን ላይ ይቀመጥና የድስት ክዳን እንደ መሪ ይይዛል። እኔ ከጎኑ ነኝ፤ ተሳፋሪም ረዳትም። ኢትዮጵያ እያለ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሸሽቶ ከመጣ ወዲህ ግን የድንበሩን ኬላ መርገጥ ስለሚፈራ የሚነዳው ያንኑ ክዳን ብቻ ነበር።

ከዲላ እንነሳለን። ትክል ድንጋዮቹን አልፈን፣ ያቤሎ ላይ ሻይ ጠጥተን ዱብሉቅ ስንደርስ፣ አባዬ ድምፁን አወፍሮ ከጥልቁ ጉድጓድ ውሃ እየተቀባበሉ የሚያወጡትን የቦረና ሰዎች ዜማ ያዜምልኛል። ቀጥሎ "በግራ ኤል ሶድ!" ይላል። ከገደሉ ሥር ያለውን ጥቁር የጨው ሐይቅ ለማየት አንገቴን እስኪያመኝ እሰግጋለሁ፤ የሚታየኝ ግን የጎረቤት ፍየል ነው። ሜጋና የድሮው የጣሊያን ምሽግ ጋ ከመድረሳችን በፊት ክዳኑን ጭኑ ላይ ያኖራል። "በቀኝ እናትሽ" ይላል ቀስ ብሎ። ሲሸሹ እናቴ መንገድ ላይ ታማ ሞተችበት። ከሁለት ግራሮች ሥር ቀብሯት፣ ድንጋይ ከምሮላት፣ እኔን አዝሎ ነው ሞያሌ የገባው።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታችን አዴ ዳርሚ ወደ ያቤሎ ስትሄድ ይዛኝ እንድትሄድ ለመናት። እናቴን እንድጠይቅለት፣ ከግቢያችንም አንድ ድንጋይ ወስጄ እንዳኖርላት ነበር ፍላጎቱ። "በቀኝ፣ ሁለት ግራር፣ እንዳትረሺ" እያለ እስከ ኬላው ሸኘኝ። እንዴት ልረሳ? ግራና ቀኝን እንደ ሞያሌ ልጅ የሚያውቅ ማን አለ! እኛ ጋ መኪና በግራ ይሄዳል፤ ኬላውን ሲሻገር በቀኝ። ሾፌሮች ሲደናገሩ ቆመን የምንስቅ ልጆች ነበርን።

አውቶቡሱ ናፍጣና የበግ ቆዳ ይሸታል። ሜጋን ስናልፍ በቀኙ መስኮት ተለጥፌ ከቀዩ ኩይሳ ሌላ ነገር ስፈልግ፣ አንድ ግራርና ከሥሩ የድንጋይ ክምር አየሁና ጮህኩ። ሾፌሩ እያጉረመረመ ቆመልን። "ኮቱ፣ ሀራካ በይ፣ ትቶን ይሄዳል!" አለችኝ አዴ ዳርሚ እንድፈጥን እጄን እየጎተተች። ሁለተኛውን ግራር ከሰል አክሳዮች ቆርጠውት ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ድንጋዬን አኖርኩ። ክምሩን አቅፌ አለቀስኩ፤ ከክፍል ሁለተኛ መውጣቴንም ነገርኳት። ስንመለስ ደክሞኝ ስለነበር ያንን ቦታ ያለፍኩት ተኝቼ ነው።

አባዬ ኬላው ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። "ግራሮቹስ?" አለኝ። ፊቱን ሳይ አንድ ብቻ ነው ማለት አቃተኝ።

"ሁለቱም ደህና ናቸው" አልኩት። እንደዚያ ቀን ሲያለቅስም ሲስቅም አይቼው አላውቅም።

አድጌ አስጎብኚ ሆንኩ። እንግዶች ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዲላ ወደ ታች የወረድኩ ዕለት፣ የኤል ሶድ መገንጠያ በግራዬ ሲመጣ ስህተቴ ገባኝ። አባዬ መንገዱን ያስጠናኝ ወደ ሞያሌ እየሸሸ እንደመጣበት ነበር። የእሱ ቀኝ፣ ከሞያሌ ወደ ላይ ለወጣሁት ለእኔ ግራ ነው። ያኔ ያቀፍኩት የማንን ድንጋይ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። በቀኜ በኩል አየሁ። መንገዱ ሲሰፋ ጠርገውታል፤ ግራርም የለ፣ ክምርም የለ። እንግዶቹ ስለ ሐይቁ ይጠይቁኛል፣ እኔ የመንገዱን ዳር በዓይኔ እበረብራለሁ።

አባዬ በዚያን ጊዜ አልጋ ላይ ነበር። ቤት ስገባ እንደ ልማዱ ስለ ግራሮቹ ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ደህና ናቸው አልኩት። ብዙም አልቆየም።

ያኔ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ቢሆንም ሁሉም ነገር አባዬ ያለው ቦታ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አስፋልቱ ያምራል፤ ከሞያሌ በጠዋት የተነሳ ሰው ምሳውን ያቤሎ ይበላል። እንግዶቼም ፎቷቸውን አንስተው ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። አባዬ ልጄ እናቷን ጠይቃልኛለች ብሎ፣ እፎይ እንዳለ ሞተ። እናቴ ግን ልጠይቃት መሄዴን እንኳ አታውቅም።