የዝውውሬ ደብዳቤ

ጭሮ ባለው የእርዳታ ፕሮጀክት ቢሮ እንግሊዝኛ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሌላው ይናገራል፣ ይጨቃጨቃል፤ እኔ እጽፋለሁ። የቦርደዴው የውኃ ጉድጓድ የት ይቆፈር በሚለው ከአዲስ አበባው ዋና ቢሮ ጋር ስንለያይ፣ ልዩነቱን በልኩ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። «ዲፈር» ካልኩ ሐሳባችን ይለያያል እንጂ አልተቀያየምንም። «ዲስአግሪ» ካልኩ አልተስማማንም። «ኦብጀክት» ግን በር መዝጋት ነው፤ እሱም ቢሆን «ቱ» ካልተከተለው አንካሳ ነው። እዚህ ቢሮ ይህን የሚለይ ሌላ ሰው የለም፤ ጣጣዬም ይኸው ነው።

ሚስቴ ገለምሶ ታስተምራለች። ቅዳሜ በሚኒባስ ስደርስ ትንሿ ልጄ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተሸሽጋ «ኬሱማው መጣ» ትላለች፤ እንግዳው ማለቷ ነው። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ግን ያመኛል። ስለዚህ ገለምሶ ክፍት ቦታ ሲገኝ ዝውውር ጠየቅኩ። ዋናው ቢሮም የኃላፊዬን አስተያየት ፈለገ።

ኃላፊዬ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ደግ ሰው ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ተጣልቻቸው በተገላገልኩ። አስጠሩኝና ሻይ አዘዙልኝ፤ የልጄን ጤና ጠየቁኝ፤ ከዚያ መረቁኝ። ምርቃቱ ረዘመ። እኛ ዘንድ ምርቃት ሲረዝም እምቢታ እየመጣ መሆኑን የማያውቅ የለም።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ዝውውርህን እንደምቃወም ለዋናው ቢሮ ጻፍልኝ። ጠንከር አድርገው። አንተ ከሄድክ ማን ይጽፍልኛል?»

እሺ አልኩ። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባለ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይላል?

ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ። እሳቸው የምጽፈውን አያነቡም፤ ይፈርማሉ። «ዲፈር» ብዬ ባላላው ዋናው ቢሮ ተራ የሐሳብ ልዩነት ነው ብሎ ይለቀኛል። ጻፍኩትም። ግን ሳያነቡ የሚፈርሙት ስለሚያምኑኝ ነው፤ አማና ነው፣ አደራ። ቢጠረጥሩኝ ኖሮ ያለ ሐሳብ አታልላቸው ነበር። አጠፋሁትና «ኦብጀክት» ብዬ ጻፍኩ፤ «ቱ»ንም አልረሳሁም። በገዛ እጄ በሬን ዘጋሁ፣ ያውም በጥሩ እንግሊዝኛ።

መልሱ ሲመጣ ተርጉሜ ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ። ተቃውሞውን ተቀብለዋል፤ እንዲህ የሚጽፍ ሠራተኛ ከጭሮ መነሳት እንደሌለበትም ጨምረዋል። ኃላፊዬ ደስ ብሏቸው እንደገና መረቁኝ።

ከሥራ ስወጣ ሚስቴ ደወለች። ዝውውሩ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መመረቅ ጀመርኩ። አላህ ያቆያችሁ፣ ጤና ይስጣችሁ፣ ልጄን ያሳድግልኝ፣ ቤታችሁን ይሙላው እያልኩ ቀጠልኩ። ሳታቋርጠኝ አዳመጠች።

«በቃ፣ ገባኝ» አለች።

ከኋላዋ ልጄ ማን እንደደወለ ስትጠይቅ ሰማሁ።

«ኬሱማው ነው» አለቻት እናቷ።