እልፍነሽን ለመስቀል ያላመጣኋት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ስንቴ ተንበርክኬ ጥቃቅኑን ኃጢአት ዘርዝሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም። ምናልባት የደፈርኩት ለዚያ ይሆናል።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ከአገሬ ከጉራጌ፣ ከቆሼና ከቡታጅራ ገበያ በርበሬ እየጫንኩ መርካቶ እሸጥ ነበር። አዲስ አበባን ያውቃል ስለምባል የጎረቤት ልጆችን ለትምህርት ወስጄ ደህና ቤት የማስጠጋው እኔ ነበርኩ። በዚህም እኮራ ነበር፤ ቡታጅራ ሰፈራችን ውስጥ ሳልፍ እናቶች ይነሱልኛል። አስካለ ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ነበረች። እልፍነሽ አንድ ልጇ ናት፤ ጥርሷን ነቅላ እንኳ ያልጨረሰች። «ፊደል ትቁጠርልኝ እንጂ ሌላ አልልም፤ አደራ ወንድሜ» አለችኝ። ወሰድኳትና ከማውቃቸው ባልና ሚስት ቤት አስገባኋት።

በዓመቱ መስቀል ሲቃረብ እልፍነሽ ሰው ጠይቃ መርካቶ ድረስ መጣችብኝ። የእኛ አገር ሰው የትም ይሁን የት ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ሕፃንም ብትሆን ይህን ታውቃለች። «ጋሼ፣ ለመስቀል ይውሰዱኝ» አለችኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ክንዷን ገልጣ አሳየችኝ። ያስገባኋት ቤት ሴትዮ ማንኪያ አግላ አቃጥላታለች።

አየሁ። አላየሁም አልልም። ግን ያሰብኩት ስለ ራሴ ነበር። በመስቀል መንደርተኛው ከቤት ቤት እየዞረ ክትፎ ይበላል፤ ያን ክንድ የማያይ የለም። ልጆቻቸውን ያስረከቡኝ እናቶች ምን ሊሉኝ ነው? እንዴት ያን ጊዜ ይህ ታሰበኝ? «ቁስሉ ይሻልሽና ለፋሲካ እወስድሻለሁ» አልኳትና ይዣት ወደዚያው ቤት ተመለስኩ። በሩ ሲከፈት እጄን አጥብቃ ያዘች። ጣቶቿን ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።

ለእናቷ «ከተማው ተስማምቷት አልመጣም አለች» አልኳት። አስካለ ሳቀች። ልጇ የጠገበች መስሏት ደስ አላት፤ ለልጇ ያስቀመጠችውን ክትፎ በኮባ ቅጠል አድርጋ ለእኔ ሰጠችኝ። በላሁት።

እስከ ፋሲካ ወደዚያ ቤት ዝር አላልኩም። ስሄድ ሴትዮዋ «እሷማ የጠፋችው ያኔ እርስዎ ባመጧት ሰሞን ነው» አለችኝ። ሆስፒታሉን፣ ፖሊስ ጣቢያውን፣ የየቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ዞርኩ። የለችም። ቡታጅራ ተመልሼ ግን ለእናቷ «ደህና ናት» አልኳት። በየመስቀሉም አልኳት። ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው፣ ባል አገባች። ልጅ ሁሉ ወልጄላታለሁ በአፌ።

የአስካለ ደስታ ቀስ በቀስ ወደ ቅሬታ ዞረ። «ምን ብበድላት ነው እንዲህ የጨከነችብኝ?» ትለኝ ነበር። ታማ አልጋ ላይ ሳለች አስጠራችኝና «ስትመጣ፣ እናትሽ ይቅር ብላሻለች በላት» አለችኝ። እሺ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።

ያ ይቅርታ ለእኔ አልነበረም፤ ምንም ላልበደለች ልጅ ነበር። እኔ ከማንም ይቅርታ አልለምንም፤ የሚምረኝ ሰው ካለም አይማረኝ። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ክንዷ ላይ የማንኪያ ጠባሳ ያላት፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት የሚያውቅ ካለ ይንገርልኝ። እልፍነሽ፣ እናትሽ አልረሳችሽም። በየመስቀሉ ትጠብቅሽ ነበር። የዋሸኋት እኔ ነኝ።