ሽማግሌ ተልኬ እንግሊዝኛ የተናገርኩ ዕለት

በ2015 ዓ.ም. ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጌጃ ሰፈር በርና መስኮት ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴ ፊደል ከመለየት ብዙም አላለፈም። ግትርነቴ ግን ዲግሪ አለው።

ያሳደግኩት የእህቴ ልጅ ሽማግሌ ላከኝ። ዕድሜው እየገፋ ስለነበር ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ወዲያው እንዲሆን ለምኖኛል።

«ጋሼ፣ የልጅቷ አባት ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። አንድ ፈሊጥ ጣል ካደረጉላቸው ይወዱዎታል» አለኝ።

«ምን አጥቼ ነው አንድ?» ስለው ሦስት አስጠናኝ። «ብሬክ ዘ አይስ» በማይተዋወቁ ሰዎች መሀል ዝምታውን መስበር ነው። «ፒስ ኦፍ ኬክ» በጣም ቀላል ነገር ነው። «ኦን ዘ ሴም ፔጅ» ደግሞ ሐሳባችን አንድ ነው፣ ተስማምተናል ማለት ነው። ብረት እየቆረጥኩ ሁሉ ስለማመድ ሰነበትኩ።

እሁድ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ልደታ ማርያም ጀርባ ያለው ኮንዶሚኒየም፣ እነ ልጅቷ ቤት ሄድን። እንደተቀመጥን «ብሬክ ዘ አይስ እናድርግ» አልኩ። የአባትየው ፊት በራ። ደረጃው አድክሟችሁ ይሆን ሲሉኝ «ፒስ ኦፍ ኬክ!» አልኩ። ከዚያ ወዲያ አማርኛ ቀረ። በእንግሊዝኛ ወረዱት፤ እኔም እንደ ገባው ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ። ዝም ሲሉ ተራዬ መስሎኝ «ዊ አር ኦን ዘ ሴም ፔጅ» ብዬ ጨበጥኳቸው።

ስንወጣ አንዱ ጎረቤቴ ክንዴን ያዘኝ። «አንተ ሰውዬ፣ አበድክ? ልጄ ማስተርሷን እስክትጨርስ ሁለት ዓመት ይጠብቅ አሉህ እኮ!»

«ገብቶህ ነበር? ታዲያ ለምን አልጎሸምከኝም?»

«ዋናው ሽማግሌ እየተናገረ ማን አፉን ይከፍታል? እንዲያ ስትንበለበል ደግሞ የምታውቅ መስሎኝ!»

የእህቴ ልጅ ሲሰማ አልተቆጣም። «ሁለት ዓመት» አለና ራቱን ሳይነካ ተነሳ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ጉድ ሞርኒንግ!» አሉኝ።

«እንደምን አደሩ» አልኩ፣ ጠበቅ አድርጌ። «ትናንት ካሉኝ አንዱም አልገባኝም። ሦስት ነገር ሸምድጄ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ በምን ተስማማን?»

«እሱን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

ሳቁና አስገቡኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ «ልጅቷ አግብታም ትማራለች፤ ጥናቷን ካደናቀፈባት ጆሮውን የምይዘው እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። ከፋሲካ በኋላ ያለውን እሁድ በአማርኛ እስኪቆርጡልኝ ድረስ ከወንበሩ አልተነሳሁም።