የአልጋነሽ አንድ እግር ጫማ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 ሰፈር ውስጥ አልጋነሽን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍበት የሐምሌ ፀሐይ ከምትሠራበት ከራስ ዲካ ሰፈር ተነሥታ፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ በእግሯ ከች የምትለው እሷ ናት። ሚኒባሶች አጠገቧ ቀስ እያሉ ጥሩምባ ይነፉላታል። እሷ በእጇ "ሂዱ፣ ሂዱ" ትላቸዋለች። ለምን እንደማትሳፈር ሲጠይቋት ቀልዷ ዝግጁ ነው፤ "እኔ ጅቡቲ የገባሁት በአንድ እግር ጫማ ነው። አሁን ሁለት አለኝ፤ ምን ጎደለኝና!" ሰው ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

እውነቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አልጋነሽ መኪና ውስጥ መግባት አትችልም። በር የተዘጋበት ክፍል ውስጥም አትቀመጥም። የምትሠራላቸው ፈረንሳዊት ማዳም አዝነው ለክፍሏ ማቀዝቀዣ አስገጥመውላት ነበር፤ በሩን ገርበብ እንኳ ስለማታደርገው ማሽኑ የሚያቀዘቅዘው ሰፈሩን ነው። ወረቀቷ የተሟላ ነው፤ ፈቃድም የከለከላት የለም። ሆኖም ከድሬዳዋ ከወጣች ድፍን አሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ተመልሳ አታውቅም። ድሬዳዋ ደግሞ በእግር አይኬድም።

በፈረንጆቹ 2015፣ ሰኔ ላይ፣ ስልክ ተደወለ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ለአያቷ ትታት የመጣችው ልጇ ጸደንያ ናት።

"እማዬ፣ ላገባ ነው! ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ እሑድ። ትመጫለሽ አይደል?"

"እንዴት አልመጣም!" አለች አልጋነሽ። ስልኩን ስትዘጋ የአውቶቡስ በር ሲዘጋ ታያት።

ሕክምና አልሞከረችም እንዳይባል፣ አምና ሁለት ዓርብ አንዲት ባለሙያ ዘንድ ሄዳ ነበር። በየቀጠሮው የተሰጣት አንድ ሰዓት ነው። ኮንቴነር ውስጥ ተደብቃ ጅቡቲ የገባችበትን ቀን ማውራት ጀምራ ወሬው ሲጋጋል ሰዓቱ ያልቃል። ባለሙያዋ "በሚቀጥለው ዓርብ እንገናኝ" ስትላት አልጋነሽ ገና ያ ኮንቴነር ውስጥ ነበረች፤ እዚያው እንዳለች ሄዳ የማዳምን እራት ትሠራለች። ሦስተኛውን ዓርብ ቀረች። ማን ይፈርድባታል?

አሁን ግን አበሩ አዲስ ወሬ ይዛ መጣች። አበሩ ካርቲየ 5 ልብስ የምትሸጥ፣ ከዚያው ኮንቴነር አብራት የወጣች ጓደኛዋ ናት። ሁለቱ አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሲበሉ ሲጠጡ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ሕጋቸው ነበር።

"ከአዲስ አበባ አንዲት የሥነ ልቡና ሐኪም መጥታለች አሉ" አለች አበሩ። "ሰዓት እየቆረጠች አታስወጣም። ጠዋት ገብተሽ እስከ ምሳ ሰዓት፣ አምስት ቀን በተከታታይ!"

"ለቤት ሠራተኛ አምስት ቀን ማን ይሰጣታል?"

"ማዳምሽ ለእረፍት አገራቸው ሊሄዱ አይደል እንዴ? ቤቱን ለማን ልትወለውዪ ነው?"

እውነትም በሐምሌ ፈረንጆቹ ሁሉ ይሄዳሉ፤ ቤቱ ለሠራተኛ ይቀራል። አልጋነሽ አበሩን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት።

ሐኪሟ ወይዘሮ ውብነሽ የምትሠራው የሴቶች ማኅበር በሰጣት ክፍል ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን አልጋነሽ ከመቀመጧ በፊት መጥረጊያ ፈልጋ ወለሉን ጠረገች። ውብነሽ ጠርጋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ወንበሩን ክፍት በሆነው በር አጠገብ አስቀመጠችላት። አወሩ፤ ሻይ ጠጡ፤ ግቢውን ዞሩ፤ ተመልሰው አወሩ። በማግስቱ አልጋነሽ ፈገግ ብላ "ተሽሎኛል እትዬ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጨርሰናል" አለች።

"እኔ ማዳም አይደለሁም" አለች ውብነሽ። "ለእኔ ብለሽ ምንም አትወልውዪ። እንዳለ አምጪው።"

አልጋነሽ ደነገጠች። ከዚያ ሳቀች፤ ከሳቋ መሃል ለቅሶዋ መጣ። በሦስተኛው ቀን እንዳለ አመጣችው።

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ ባዶ ኮንቴነር ውስጥ አምስት ሆነው ተዘግቶባቸዋል። እሷ የሰው አገር ስገባ ዘንጬ ልግባ ብላ የገዛችውን ባለተረከዝ ጫማ አድርጋለች። ሾፌሩ ድምፅ እንዳያሰሙ አስጠንቅቋል። አጠገቧ ሀዊ አለች፤ የጭሮ ልጅ፣ ከሁሉም ታናሽ። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆመ። "አየር አጠረኝ፤ አንኳኪልኝ" አለች ሀዊ። አልጋነሽ "ዝም በዪ፣ ታስይዥናለሽ!" ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ጥቂት ቆይታ እጇን አነሣች። ሀዊ ግን ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

"በቃ" አለች አልጋነሽ። ሁልጊዜ የምታቆመው እዚህ ላይ ነው። አምናም ሰዓቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነበር።

"ጊዜ አለን" አለች ውብነሽ። "ከዚያስ?"

የአልጋነሽ ቀኝ እጅ የወንበሩን ክንድ ይመታ ጀመር፤ በመጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ በኃይል።

"እጅሽ ምን እያደረገ ነው?"

አልጋነሽ እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየችው። "ጫማዬ!" ብላ ጮኸች። "ጫማዬን አውልቄ... ብረቱን... እትዬ፣ አንኳኩቻለሁ መሰለኝ! ወይስ ራሴን ላጽናና ብዬ የፈጠርኩት ነው?"

"እኔ እዚያ አልነበርኩም" አለች ውብነሽ። "የነበረ ሰው አለ?"

አልጋነሽ ጃንጥላዋን እንኳ አላነሣችም። በቀትር ፀሐይ እየሮጠች አበሩ ሱቅ ገባች። "አበሩ! ያን ቀን አንኳኩቻለሁ?"

አበሩ የያዘችው ልብስ ከእጇ ወደቀ። "ምን ማለትሽ ነው? እንደ እብድ ደበደብሽው እንጂ! ተረከዙ ተሰብሮ ሲፈናጠር የመታኝ ይኸው" ብላ ሻሿን ወደ ላይ ገፋች። ከቅንድቧ በላይ ያለውን ጠባሳ አልጋነሽ አሥራ ሁለት ዓመት ስታየው ኖራለች። "ሾፌሩ ፔካ 12፣ የከተማው መግቢያ ላይ በሩን የከፈተልን ያንን ሰምቶ ነው። አራታችንም በአንቺ ወጣን።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም!"

"የምታውቂ መስሎኝ! ደግሞ እንዳናነሣው ተባብለን የለም እንዴ?"

ተቃቅፈው አለቀሱ። ደንበኞች መጥተው ሄዱ፤ ማንም የሸጠላቸው የለም። ለሀዊም የዚያን ቀን አብረው አለቀሱላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በአራተኛው ቀን አልጋነሽ የክፍሉን በር ራሷ ዘጋች። ላብ አጠመቃት፤ ግን ዘጋችው። በአምስተኛው ቀን ከውብነሽ ጋር ሚኒባስ ተሳፍራ አንድ ፌርማታ ሄደች። ከወረደች በኋላ "እንደገና!" አለች። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ረዳቱ ሴትዮዋ ምን ነካት ብሎ ሾፌሩን ጠየቀው።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ የድሬዳዋው አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ለሠርጉ የገዛችው ባለተረከዝ ጫማ ከነካርቶኑ አለ። በሩ ሲዘጋ ሁለት እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ ተነፈሰች፤ ውብነሽ እንዳሳየቻት። ከተማው አለቀ። መኪኖች የተደረደሩበት ፔካ 12 መጣ።

አልጋነሽ ከካርቶኑ አንዱን ጫማ አወጣችና የአውቶቡሱን ግድግዳ በተረከዙ መታችው። ኳ! ኳ! ኳ! ሰው ሁሉ ዞረ።

ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። "ወራጅ አለ?"

"የለም!" አለች አልጋነሽ፤ እያለቀሰች ትስቃለች። "ወራጅ የለም! ንዳው ወንድሜ፣ ልጄ ሙሽራ ናት!"